«የኔን ቀኝ ነው ያልኩሽ!»

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ መቁረጥም መስፋትም አልነበረም። ካሜራ መያዝ ነበር።

ሐሞት ከረጢት የማውጣት ኦፕራሲዮን ነው። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ያን ቀን ግን ከረጢቱ አብጦ ከዙሪያው ጋር ተጣብቆ ስለነበር ወደ ሦስት ሰዓት ሄደብን። እኔ ሦስቱንም ሰዓት አንድ ረጅም ዘንግ ይዤ ቆሜያለሁ። አፍንጫዬን ይበላኛል፣ ማከክ አይቻልም። ክንዴ ደንዝዟል። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል።

«ወደ ቀኝ» ይላሉ ሰርጀኑ።

እወስዳለሁ።

«ወደ ቀኝ!»

አሁንም እወስዳለሁ። ጉበቱ ተንሸራቶ ከስክሪኑ ይወጣል።

«የኔን ቀኝ ነው ያልኩሽ!»

እዚያ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አራት ቀኝ አለ። የእሳቸው ቀኝ፣ የእኔ ቀኝ፣ የተኛው ሰው ቀኝ፣ የስክሪኑ ቀኝ። አምስተኛው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ካሜራው የሚገባው ሆድ ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ስለሆነ ዘንጉ እዚያች ቀዳዳ ላይ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። እጄን ወደ ግራ ስወስድ ውስጥ ያለው ጫፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ታች ስጫነው ሽቅብ ያያል። ይህን በወረቀት ላይ ለመረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እጅ እንዲረዳው ግን ወራት ይፈጃል።

ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላብራራ። በላፓሮስኮፒ ሆድ አይከፈትም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋና ቦታ ይፈጠራል፤ ከዚያ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ መቀስና መቆንጠጫ ይገባል። ካሜራው 5 ወይም 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ነው። ብዙዎቹ ቀጥ ብለው አያዩም፤ ጫፋቸው 30 ዲግሪ ተቆርጦ ነው የተሠራው። ስለዚህ ዘንጉን በራሱ ዙሪያ ስታዞሩት ከአንድ ነገር ጀርባ ማየት ትችላላችሁ። ግን ምስሉ ሳይጋደም፣ ላይ ያለው ላይ፣ ታች ያለው ታች እንደሆነ መቆየት አለበት። ያን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክፍሉ ሁሉ ትንሹ ነው። ተማሪ፣ ወይም እንደ እኔ ገና የጀመረ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም። ሰርጀኑ የሚያየው በዚያ ጀማሪ ዓይን ብቻ ነው። በሰው እግር መራመድ ብትሉት ያስኬዳል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አሁን የምሠራው ሥራ ነው። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ጎን ለጎን የሮቦት ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የምንሞክረው አንድ ነገር ነው፦ ካሜራው ራሱ ወዴት ማየት እንዳለበት እንዲያውቅ ማድረግ። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይጮህበት። ስጀምር ቀላል ይመስለኝ ነበር። እኔ እንኳ በስንት ጩኸት ተምሬው የለ።

ካሜራን ከሰው እጅ የማውጣት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ኤሶፕ የሚባል የሮቦት ክንድ ነበር። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ ተረት ነጋሪው ኤዞፕ ነው፤ በኋላ ግን የእንግሊዝኛ ቃላት ምህጻር መሆኑን አወቅሁ። ካሊፎርኒያ የነበረው ኮምፒዩተር ሞሽን የተባለ ኩባንያ ሠርቶት በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ካሜራ መያዝ። መጀመሪያ በእግርና በእጅ ነበር የሚታዘዘው። ቆይቶ በድምፅ ሆነ፤ ሰርጀኑ «ወደ ግራ» ሲለው ወደ ግራ ይሄዳል። ድምፁን ቀድሞ እያንዳንዱ ሰርጀን መቅዳት ነበረበት፤ የሌላ ሰው ድምፅ እንዳያሳስተው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኢንዶአሲስት የተባለ ክንድ ተሠራ። እሱ የሰርጀኑን የጭንቅላት እንቅስቃሴ እያየ ይከተላል፤ ፔዳል እየተረገጠ፣ ራስ ወደሚፈለግበት ይዞራል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው ሴንሃንስ የተባለው ሮቦት ደግሞ የዓይንን እንቅስቃሴ እያነበበ ካሜራውን ያዞራል።

ሁሉም ብልህ ሥራዎች ናቸው። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሁሉም ያው ትእዛዝ ናቸው። ጩኸቱ በድምፅ፣ በራስ፣ በዓይን ተተካ እንጂ አልቀረም። ሰርጀኑ አሁንም «ወደ ቀኝ» እያለ ነው። የተሻለው ነገር ክንዱ አይደክምም፣ አይንቀጠቀጥም፣ አፍንጫውን አይበላውም። ደግሞም አያኮርፍም። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ለሦስት ሰዓት ካሜራ የያዘ ሰው ይመስክር።

ከኤሶፕ በኋላ ዳ ቪንቺም መጣ። በ2000 አሜሪካ ውስጥ ለሆድ ቀዶ ሕክምና ፈቃድ ያገኘ ሮቦት ነው። ኤሶፕን የሠራው ኩባንያም በ2003 ከዳ ቪንቺ ባለቤት ከኢንቱይቲቭ ሰርጂካል ጋር ተዋሃደ። ዳ ቪንቺ ላይ ሰርጀኑ ከታካሚው ራቅ ብሎ ኮንሶል በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ ይቀመጣል። ራሱን መመልከቻው ውስጥ ያስገባል። ምስሉ ጥልቀት አለው፤ ለሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ ስለሚመጣ እጅ መስደድ የሚቻል ይመስላል። ካሜራውን የሚይዘው ከሮቦቱ ክንዶች አንዱ ነው። ዓለት ላይ እንደተተከለ ዝም ብሎ ይቆማል።

መጀመሪያ ኮንሶሉ ላይ የተቀመጥኩ ቀን ያስደነቀኝ ጸጥታው ነው። «ወደ ቀኝ» የሚል የለም። ካሜራውን ማንቀሳቀስ ስፈልግ ፔዳል እረግጣለሁ። በዚያው ቅጽበት መሣሪያዎቹ ባሉበት ይቆማሉ። እጆቼ አሁን የሚይዙት ካሜራውን ነው። ምስሉን በሁለት እጅ ይዞ እንደ መጎተት ያለ ስሜት አለው። ፔዳሉን ስለቅ መሣሪያዎቹ መልሰው የእኔ ይሆናሉ።

ጥሩ አይደል? ጥሩ ነው። ግን ሰው ሰነፍ ነው። እኔም ሰው ነኝ።

ፔዳል መርገጥ ማለት ሥራ ማቋረጥ ማለት ነው። መርፌ ይዤ ልሰፋ ስል፣ ክሩን ስስብ ጫፉ ከስክሪኑ ይወጣል። መርገጥ፣ ማንቀሳቀስ፣ መልቀቅ፣ እጄን ማስተካከል፣ ከዚያ መቀጠል አለብኝ። ለአንዲት ሰከንድ ሥራ ማን ይህን ሁሉ ያደርጋል? «ይሁን፣ ይታያል» ብዬ እቀጥላለሁ። በኋላ የልምምድ ቪዲዮዬን ሳይ አፈርኩ። ግማሹን ሥራ የሠራሁት በስክሪኑ ጥግ ነው። አንዱ መሣሪያዬ ለረጅም ጊዜ ከእይታ ውጭ ነበር። ከእይታ ውጭ የሆነ መሣሪያ ምን እየነካ እንደሆነ ማንም አያውቅም። የሮቦት ክንድ ደግሞ በእጅ እንደሚያዝ መቆንጠጫ የነካውን ነገር ለእጅ በደንብ አይናገርም።

ላብራቶሪ ውስጥ ካሜራን ማስተማር ተገቢ ነው ብዬ ያመንኩት ያኔ ነው። ሰርጀኖች ጎበዝ ካሜራ ያዥ የሚያጡበት ጊዜ እንዳለ አውቅ ነበር። ራሳቸው ለራሳቸው መጥፎ ካሜራ ያዥ እንደሚሆኑ ግን አላውቅም ነበር።

የምንሠራበት ሮቦት የዳ ቪንቺ የምርምር ቁሳቁስ ይባላል። ከአገልግሎት የወጡ የዳ ቪንቺ ክንዶች ናቸው። በ2012 አካባቢ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና ዉስተር ፖሊቴክኒክ ከኩባንያው ጋር ሆነው መቆጣጠሪያውን ለሁሉም ክፍት አድርገው ሠሩለት። ስለዚህ ውስጡን ከፍቶ ማየት፣ ኮድ መጻፍ፣ «አሁን እንዲህ አድርግ» ማለት ይቻላል። ሕያው ሰው ላይ አይሠራበትም። እኛ የምንሞክረው በላስቲክ ሞዴልና ከእርድ በሚመጣ ጉበት ላይ ነው፣ ሐሞት ከረጢቱ ሳይነጠል።

የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ቀላል ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ኢንጂነር በአንድ ቀን ጽፎት መጣ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የሮቦት መገጣጠሚያ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ የሚለካ ኢንኮደር አለው። ያን ሁሉ ከደመርን የእያንዳንዱ መሣሪያ ጫፍ የት እንዳለ እናውቃለን። የሁለቱን ጫፎች መሃል እንፈልጋለን። ካሜራው ያቺን ነጥብ ሁልጊዜ በስክሪኑ መሃል ያድርጋት። አለቀ።

ከፍ ያለ ልምድ ያላቸው አንድ ሰርጀን እንዲሞክሩልን ለመንናቸው። «ዶክተር፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» አልኳቸው። ተቀመጡ። መርፌ ያዙ። ሁለት ስፌት ሰፉ። ሦስተኛው ላይ ራሳቸውን ከመመልከቻው አወጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መርከብ ላይ ነው ያስቀመጣችሁኝ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስፌት ሲሰፋ እጅ ይዞራል፣ ይጎትታል፣ ይመለሳል። መሃል ነጥቧም አብራ ትዞራለች። ካሜራው ታማኝ ሆኖ እሷን ይከተላል። ዓለም ሁሉ ይወዛወዛል።

ከማቅለሽለሹ የባሰ ሌላ ነገርም ነበረበት። ኮንሶል ላይ የእጅ አቅጣጫ የሚለካው ከካሜራው አንፃር ነው። እጄን ወደ ግራ ስወስድ መሣሪያው በስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው የሮቦት ሥራ ተፈጥሯዊ የሚመስለው። ካሜራው በመሃል ዞር ካለ ግን «ግራ» ራሱ ቦታ ይቀይራል። እጄ ባለበት ቆሞ መሣሪያው በራሱ የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። ስድስተኛ ቀኝ ፈጠርን ማለት ነው፤ እሱም እየተንቀሳቀሰ።

ስለዚህ ካሜራው መቼ እንደሚንቀሳቀስ ሳይሆን መቼ እንደማይንቀሳቀስ ማስተማር ጀመርን። በስክሪኑ መሃል የማይታይ ሳጥን አሰመርን። መሃል ነጥቧ ሳጥኑ ውስጥ እስካለች ድረስ ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ስትወጣም ወዲያው አይሮጥም፤ ትንሽ ይጠብቃል፣ ተመልሳ ትገባ እንደሆነ ያያል። ከተነሳም ቀስ ብሎ ነው፤ ሲጀምርም ሲያቆምም ሳይነጥር። መቅረብና መራቅን ደግሞ በመሣሪያዎቹ ርቀት ወሰንን። ሁለቱ ሲራራቁ ካሜራው ወደ ኋላ ይሳባል። ሲቀራረቡ ይጠጋል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ዲትሮይት ያለው የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ብዙ ሠርተዋል።

ማቅለሽለሹ ቀረ። ሰርጀኑ እንደገና ሲሞክሩ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ግን ቀኝ እግራቸውን አየሁት። ሃያውንም ደቂቃ ከካሜራው ፔዳል ላይ አልተነሳም። ለማጅ ከሚነዳው መኪና ጎን የተቀመጠ ሰው ባዶውን ወለል በእግሩ እንደሚጫነው።

ፔዳሉን ሆን ብለን ነው የተውነው። ከተረገጠ የእኛ ፕሮግራም ወዲያው እጁን ይሰበስባል። ካሜራው ማንንም የማይቆርጥ ስለሆነ ብዙ ሰው አደጋ የለውም ይላል። እንደዚያ አይደለም። የብርሃኑ ምንጭ ኃይለኛ ስለሆነ ጫፉ ይግላል፤ ሥጋ ላይ ከተደገፈ ያቃጥላል። ዘንጉ ራሱ ደግሞ ረጅም ነው፤ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው። ከጎኑ ምን እንደሚገፋ አያይም። ስለዚህ ከዚህ በላይ አትግባ፣ ከዚህ በላይ አትዘንበል የሚሉ ወሰኖች አስቀምጠንለታል። እነሱን ለመጻፍ የፈጀብን ጊዜ ካሜራውን ለማንቀሳቀስ ከፈጀብን ይበልጣል።

ሌላው ራስ ምታት የቁጥሮቹ ውሸት ነው። መገጣጠሚያዎቹን ደምረን ጫፉ የት እንዳለ እናውቃለን ብያችሁ ነበር። በወረቀት ላይ አዎ። ነገር ግን የሮቦቱ ክንዶች የተሸከሟቸው ከሥራ በፊት በእጅ የሚስተካከሉ ሌሎች መገጣጠሚያዎች ናቸው፤ እነሱ ላይ ያለው ልኬት ያን ያህል ጥብቅ አይደለም። መሣሪያዎቹ የሚንቀሳቀሱትም በቀጫጭን የብረት ገመዶች ነው፤ ገመድ ደግሞ ይለጠጣል። ትንንሽ ስህተቶች ይደመሩና ፕሮግራሙ «ጫፉ እዚህ ነው» የሚልበት ቦታ ምስሉ ላይ ጫፉ ካለበት ይርቃል። የመጀመሪያ ቀን ነጥቡን ስክሪኑ ላይ ስናስቀምጠው ጉበቱ ላይ አረፈ። መሣሪያው ከአጠገቡ ቆሞ የሚታዘበን ይመስል ነበር።

መፍትሔው ምስሉን ራሱን ማንበብ ነው። የትኛው ፒክስል መሣሪያ፣ የትኛው ሥጋ እንደሆነ የሚለይ የማሽን ለርኒንግ ፕሮግራም አለ። ለዚህ የሚሆኑ ቪዲዮዎች በነጻ ይገኛሉ፤ ኢንዶቪስ በተባለው ውድድር በ2015 እና በ2017 የወጡት ብዙ ሰው ፕሮግራሙን ያሠለጠነባቸው ናቸው። ንጹሕ ምስል ላይ ጉድ ይሠራል። ግን ሆድ ንጹሕ አይደለም። ሲቃጠል ጭስ ይነሳል። ብረቱ ላይ ደም ይደርቅና ሥጋ ይመስላል። እርጥብ ጉበት ያበራና ብረት ይመስላል። ሌንሱ ራሱ በእንፋሎት ይሸፈናል። ያኔ ጎበዝ ካሜራ ያዥ ምን ያደርጋል? አውጥቶ በሞቀ ውሃ ያጥበዋል፣ ያብሰዋል፣ ይመልሰዋል፤ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ማዕዘን። ይህን የሚያደርግልን አሁንም ሰው ነው። እስካሁን ሮቦቱ ሌንሱ በጭጋግ መሸፈኑን እንኳ አይነግረንም። ጭጋጉን ሲያይ መሣሪያዎቹ የጠፉ መስሎት ፍለጋ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ኢንጂነሪንግ ነው። አድካሚ ነው እንጂ የሚፈታ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው።

አንድ ቀን እኚሁ ሰርጀን ሐሞት ከረጢት ከጉበት የማላቀቅ ልምምድ እየሠሩልን ነበር። ጥሩ እየሄደ ነው። ካሜራው ሲጠጋ ይጠጋል፣ ሲርቅ ይርቃል። ሰውየው እግራቸውን እንኳ ከፔዳሉ አንስተው ነበር፤ ለኢንጂነሩ በክርኔ ነካ አድርጌ አሳየሁት። ከዚያ የከረጢቱ ቱቦ ከመቆረጡ በፊት መዝጊያ ቅንጥብ (ክሊፕ) የሚደረግበት ሰዓት ደረሰ። ሁለቱም መሣሪያዎች ቆሙ። ጫፎቻቸው ተቀራርበዋል። ፕሮግራማችን ይህን ሲያይ ምን ይላል? «ተቀራርበዋል፣ ቆመዋል፣ ጥቃቅን ሥራ ነው፤ ልጠጋ።» ተጠጋ። ስክሪኑን የሞላው አንድ ቱቦ ብቻ ሆነ።

ሰርጀኑ ፔዳሉን በኃይል ረገጡት።

እሳቸው የፈለጉት ተቃራኒውን ነበር። ሐሞት ከረጢት ሲወጣ ትልቁ ፍርሃት የተሳሳተ ቱቦ መቁረጥ ነው። ከጉበት ወደ አንጀት ሐሞት የሚያወርደው ዋናው ቱቦ ከተቆረጠ የታካሚው ሕይወት ይበላሻል። ለዚህ ነው ስትራስበርግ የተባሉ ሰርጀንና ባልደረቦቻቸው በ1995 አንድ ደንብ የጻፉት፤ ከመቁረጥ በፊት ምን መታየት እንዳለበት። ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ብቻ ይታዩ። ሦስት ማዕዘን የሚመስለው ቦታ ከስብ ይጽዳ። የከረጢቱ የታችኛው ክፍል ከጉበቱ ተላቆ ከጀርባ ያለው ጉበት ይታይ። ይህን ለማየት ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ከፊት ማየት፣ ከጀርባ ማየት፣ 30 ዲግሪውን ማዞር። መሣሪያዎቹ የቆሙት ሰውየው እያሰቡ ስለነበር ነው።

መሣሪያዎቹ ግን ይህን አልተናገሩም። ጥቃቅን ስፌት ለመስፋት የቆመ እጅና «ቆይ፣ እርግጠኛ ነኝ ወይ?» ብሎ የቆመ እጅ በቁጥር አንድ ናቸው።

እኔ ግን አውቀው ነበር። ያኔ፣ ካሜራ ይዤ በቆምኩባቸው ሰዓታት፣ አንድም ቀን «ሰርጀኑ ዝም ሲሉ ወደ ኋላ ሳቢ» ያለኝ ሰው የለም። ግን እስብ ነበር። ሲያወሩ የነበሩ ሰው ድንገት ዝም ይላሉ። ትከሻቸው ትንሽ ይወርዳል። ነርሷም ዝም ትላለች። ያኔ እጄ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም። ምናልባት የሆነ ቀን ሳልስብ ቀርቼ ተጮሆብኝ ይሆናል።

ለኢንጂነሩ ነገርኩት። አሰበና «የትከሻ ኢንኮደር የለንም» አለኝ። ሳቅን። ግን ቁም ነገር ነበረው።

ሌላ መንገድ አለ፤ ሮቦቱ ከጎበዝ ካሜራ ያዦች እንዲማር ማድረግ። ጀርመን ውስጥ ሃይደልበርግና ካርልስሩኸ ያሉ ተመራማሪዎች በ2021 እንዲህ ያለ ሥራ አሳትመዋል፤ ካሜራውን የያዘው ሮቦት ሰው ሲመራው ይመዘግባል፣ የትኛው እይታ ጥሩ የትኛው መጥፎ እንደነበር ይማራል። ስትራስበርግ ከተማ የተሠራው ኮሌክ80 የተባለ ስብስብ ደግሞ 80 የሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ቪዲዮዎችን በ7 ምዕራፍ ከፍሎ ይዟል። (ስትራስበርግ ሰውየው እና ስትራስበርግ ከተማው አይገናኙም፤ እኔም ተምታቶብኝ ነበር።) ፕሮግራሙ አሁን የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሆነ ካወቀ፣ ቅንጥብ ከመግባቱ በፊት መራቅ እንዳለበት መማር ይችላል። በዚህ ላይ ተስፋ አለኝ።

ግን የምንማረው ከምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኳቸው ካሜራዎች ቪዲዮ ቢሰጠው ሮቦቱ ምን ይማራል? መንቀጥቀጥ። ጉበት መጣል። ሰርጀኑ ሲጮህ ወደ ተሳሳተው ቀኝ መሮጥ። አንድ ቪዲዮ ላይ ካሜራው ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ይታያል። ሮቦቱ «እዚህ ምዕራፍ ላይ አትንቀሳቀስ» ብሎ ይማር ይሆናል። እውነቱ ግን ካሜራ ያዧ ደክሟት ፈዝዛ ነበር። ማን እንደነበረች አልናገርም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ «ታዲያ ጀማሪዎቹ ምን ይሠራሉ?» የሚል ነው። ቶሎ መልስ የለኝም። የሆድን ካርታ የተማርኩት ከመጽሐፍ ይልቅ ካሜራ ይዤ ነው። ጉበት የት አልቆ አንጀት የት እንደሚጀምር፣ ጎበዝ እጅ እንዴት እንደሚቆም፣ ሁሉንም እዚያ ነው ያየሁት። በሌላ በኩል ታካሚው የተኛው እኔን ለማስተማር አይደለም። መጮህም ማስተማሪያ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ጮኸውብኝ ስለተማርኩ ጩኸቱ ጥሩ ነበር ማለት አይደለም።

አሁን ያለንበት ደረጃ ትንሽ አሳፋሪ ነው፤ ወደ ኋላ ነው የተመለስነው። ሁለቱም መሣሪያዎች ከቆሙና ቆመው ከቆዩ ካሜራው ምንም አያደርግም። አይጠጋም፣ አይርቅም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ ቀስት ታበራለች፤ «ልሳብ?» እንደማለት። ሰርጀኑ ከፈለገ ፔዳሉን አንዴ ነካ ያደርጋል፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ይርቃል። ካልፈለገ ቀስቷ ትጠፋለች። ኢንጂነሩ ይህን አልወደደውም። «አውቶማቲክ ልናደርግ መጥተን ጠያቂ አደረግነው» ይላል። እኔ ወድጄዋለሁ። ጠያቂ ካሜራ ያዥ ይዘው የሠሩ ሰርጀኖች ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ሞከርነው። ያው ሰርጀን፣ ያው ልምምድ፣ ሌላ ጉበት። እኔ ከኮንሶሉ ራቅ ብዬ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጫለሁ፤ ሁለቱ እጆቼ ኪቦርዱ ላይ ናቸው። ከረጢቱ ተላቀቀ። ሦስት ማዕዘኑ ጸዳ። መሣሪያዎቹ ቆሙ። ካሜራው አልተጠጋም። ቀስቷ በራች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሰርጀኑ ራሳቸውን ከመመልከቻው ሳያወጡ፣ ቀስቷንም ፔዳሉንም ረስተው፣ «ትንሽ ወደ ኋላ ሳቢው» አሉኝ።

ካሜራው ስድስት ሜትር ያህል ይርቀኝ ነበር። ቀኝ እጄን ሳየው ከኪቦርዱ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄዷል።